የዘበኛው ንጉሥ

ነገሌ፣ ንጋት 12 ሰዓት

ወደ አሬሮ የሚሄደው አይሱዙ ገና ስኳርና ሳሙና እየጫነ ነው። ሾፌሩ ኑረዲን ነገሌ የተወለደ የጉራጌ ልጅ ነው፤ አብረን ስለተማርን ጋቢና ያዘልኝ። እኔ የጦር ካምፑ አጠገብ ያደግሁ የወታደር ልጅ ነኝ።

የመጣሁት በአንድ ደብዳቤ ምክንያት ነው። ታሪክ ያስተማሩን ሕንዳዊው መምህር ሲንግ አርፈዋል። ልጃቸው፣ "አባቴ እስከ መጨረሻው ነገሌን ያነሳ ነበር። እዚያስ እሱን የሚያስታውስ አለ?" ብላ ጻፈችልኝ። ሁለት ቀን ዞርኩ። የድሮ ተማሪዎች የሚያስታውሱት ኩርኩማቸውን ብቻ ነው። እኔም ያው ነኝ፤ ዓርብ ዓርብ ስለ አንድ የጥንት ሕንድ የራጅፑት ንጉሥ በተሰባበረ አማርኛ ሲተርኩልን እንቅልፌን እለጥጥ ነበር። ይህን ለልጃቸው ለመጻፍ አፈርኩ። ኑረዲን ነው፣ የትምህርት ቤታችን ዘበኛ የነበሩት ኦቦ ጃርሶ አሬሮ እንዳሉ የነገረኝ።

ዳዋ ወንዝ፣ 4 ሰዓት

ቀይ አቧራ፣ ግራር፣ ከሰው የሚረዝም ኩይሳ። የፍየል ጥብስ በላን፤ ሻይ በግመል ወተት አሥር ብር። ኑረዲን ሽማግሌው ቢረሱስ ብሎ ቀድሞ ያጽናናኛል።

አሬሮ፣ 9 ሰዓት

ኦቦ ጃርሶ ከብቶቻቸውን ከዔላው፣ ከውሃ ጉድጓዱ፣ መልሰው ግራር ሥር አረፍ ብለዋል። "አካም፣ ናጋ?" ተባባልን። የመምህሩን ስም ሳነሳ ብድግ አሉ። ፊደል አልቆጠሩም፤ ግን ዓርብ ዓርብ መስኮቱ ሥር ቆመው ያዳምጡ ኖሯል።

ንጉሡን ከነአባቱ ከነአያቱ ቆጠሩልኝ፤ ቦረና ታሪክ የሚይዘው እንደዚያ ነው። በልጅነቱ ነገሠ። ጠላቱን ድል ነሥቶ ለቀቀው፤ ያው ጠላት ተመልሶ መጣና ማረከው። ዓይኑን ቢያጠፉትም ድምፅ ሰምቶ ቀስት ወርውሮ የማረከውን ገደለ። መምህሩ ይህንን "ተረት ሳይሆን አይቀርም" ማለታቸውን እንኳ አልዘነጉም።

አንድ ነገር ብቻ ከራሳቸው ጨመሩ። "ጥፋቱ ምን መሰለሽ? በነገሠ ስምንት ዓመት ሲሞላው ለተረኛው አላስረከበም። አባ ገዳ እንኳ ያስረክባል። ለመምህሩ ነግሬው ሳቀ።"

እኔም ሳቅኩ፤ ወዲያው ደግሞ እንባዬ መጣ። ክፍል ውስጥ የተቀመጥነው እኛ፣ የተማሩት እሳቸው።

የመምህሩን ማረፍና የልጃቸውን ደብዳቤ ነግሬ፣ ለልጃቸው ምን ልበልልዎ አልኳቸው።

"ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ የመምህሩን አባት ስም አላውቅም። የአያቱንም። ንጉሡን ለልጅ ልጆቼ ሳወራ 'ከማን ሰማህ?' ይሉኛል። ሰውን ያለ አባት መጥራት ነውር ነው። ጠይቂልኝ።"

አሬሮ፣ ወደ ማታ

ኔትወርክ የሚይዘው ጉብታ ላይ ወጥቼ ጻፍኩላት፦ "የሚያስታውሳቸው አለ። የአያትሽንና የቅድመ አያትሽን ስም ቶሎ ላኪልኝ፤ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ይጠብቃሉ።"