አሮጌው ዲስክ ውስጥ ያገኘኋት ሹፌር

ሽሮ ሜዳ ላሉ ነጋዴዎች የሐበሻ ቀሚስና የነጠላ ፎቶ አነሳለሁ። ሥራው ጥሩ ነው፤ ችግሩ የፎቶው ብዛት ነው። አንዱን ጥለት ከፊት፣ ከጎን፣ ከቅርብ እያሉ ያስነሱኛል። በዚህ ዓይነት ላፕቶፔ ጢም ብሎ ሞላና አንድ ቀን አንዲት ፎቶ እንኳ አልቀበልም አለኝ።

ያኔ ነው የወንድሜ አሮጌ ዴስክቶፕ ትዝ ያለኝ። ወንድሜ ሐዋሳ ሥራ ይዞ ከሄደ ወዲህ፣ ቁስቋም ያለው ቤታችን ሳሎን ጥግ ላይ የእናቴ አበባ ማስቀመጫ ሆኖ ቀርቷል። አበባውን አነሳሁ፣ ኮምፒውተሩን ፈታሁ፣ ሀርድ ዲስኩን አወጣሁ። ከላፕቶፕ ጋር የሚያገናኘውን ኬብል ከአዲሱ ገበያ ገዛሁ። ዲስኩ የራሱን መብራት ይፈልጋል፤ ሶኬት ላይ ስሰካው እንደ ወፍጮ እያጉረመረመ ተነሳ።

ለወንድሜ ደወልኩለት።

«ዲስክህን ፎርማት አድርጌ ፎቶ ላስቀምጥበት ነው። የምትፈልገው ነገር አለ?»

«ምንም የለም፣ ሙልጭ አድርገሽ አጥፊው።»

እኔ ግን ሳላየው ማጥፋት አልሆነልኝም። ገባሁ። የድሮ ፊልሞች፣ የዩኒቨርሲቲ አሳይመንት፣ ከዚያ «አዲስ ፎልደር» የሚባል፣ በውስጡ ሌላ «አዲስ ፎልደር»፣ በዚያም ውስጥ ሌላ። መጨረሻው ላይ አንዲት ቪዲዮ ነበረች። ከፈትኳት።

እናቴ መኪና ትነዳለች!

እናቴ እኮ ታክሲ ውስጥ የፊት ወንበር ላይ አትቀመጥም። ከእንጦጦ ቁልቁለቱን ስንወርድ ዓይኗን ጨፍና «አቤቱ ማረን» ትላለች። ሹፌሩ ሬዲዮ ከነካካ «ልጄ፣ መንገዱን እይ» ብላ ትቆጣለች። ይህችው ሴትዮ ሰፊ ሜዳ ላይ የአጎቴን ትንሽ ሰማያዊ መኪና ይዛ፣ በሳቅ ፍርስ እያለች ትሽከረከራለች። ከጎኗ ሆኖ የሚቀርጸው ወንድሜ «እማዬ፣ ፍሬን! ፍሬን!» ይላል። እሷ «ዝም በል፣ አትረብሸኝ!» ብላው ማርሽ ትቀይራለች።

«እማዬ፣ ነይ እስቲ!»

ከጓዳ መጣች። አየችው። አፏን በነጠላዋ ሸፈነች።

«አጥፊው» አለች። ወዲያው ደግሞ «ቆይ ቆይ፣ እንደገና ክፈቺው።»

ሦስቴ አየነው።

«አጎትሽ ነበር እሁድ እሁድ የሚያስተምረኝ» አለችኝ። «ጎበዝ ነበርኩ እኮ።»

«ታዲያ ለምን ተውሽው?»

«መኪናውን ሸጠው፣ በቃ። ላንቺ ያልነገርኩሽ እንዳትስቂብኝ ነው።»

ሳቅሁባት። እሷም ሳቀች።

ቪዲዮዋን ስልኳ ላይ ጫንኩላትና ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ስክሪኑ ላይ የላፕቶፑም ዲስክ አብሮ ይታያል፤ ተሳስቼ እሱን ብነካ አለቀልኝ። መጠናቸውን አይቼ ለየሁና አሮጌው ዲስክ የተከፋፈለባቸውን ክፍሎች አጥፍቼ አንድ ወጥ አደረግኩት። የተበላሸ ቦታ ካለው እንዲፈትሽ ብዬም ረጅሙን ፎርማት መረጥኩ። ገና መንገድ ላይ እያለ መብራት ጠፋ። ላፕቶፑ በባትሪው ቀጠለ፤ ዲስኩ ግን ቀጥ አለ።

«ይኸው፣ አልጠፋም አለ» አለች እናቴ።

መብራት ሲመጣ ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ያለ ምንም እንከን ጨረሰ። አሁን የቆዩ ፎቶዎቼን ወደሱ አዛውሬ ላፕቶፔን አቃለልኩት። ብቻውን አላምነውም፣ አርጅቷል፣ ዋና ዋናዎቹን ላፕቶፑም ላይ ትቻለሁ፤ ለመደረቢያ ግን አንደኛ ነው።

እናቴ ቪዲዮዋን ለጎረቤቱ ሁሉ አሳየች። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ለማኅበር ጓደኞቿም ደገመችላቸው። ከዚያ አንድ ጠዋት ሻይ እየጠጣን፣

«ለመሆኑ በኔ ዕድሜ መንጃ ፈቃድ ይሰጣሉ?» አለችኝ።

«ዓይንሽ ካየ ምን ገዷቸው!»

ይኸው የመንጃ ፈቃድ ማሠልጠኛ ገብታለች። አሠልጣኟ «እናቴ፣ ቀስ ይበሉ እንጂ» እያለ ይለምናታል አሉ። ወደፊት መንዳቱን አሳምራዋለች፤ ወደ ኋላው ግን ገና ነው። ትናንት ለልምምድ የተደረደሩ ሁለት የላስቲክ ኮኖች ጨፍልቃ መጣችና፣ ያቆሟቸው ሰዎች ናቸው ጥፋተኞቹ ብላ ድርቅ አለችብኝ።