የሺ የገጠመቻት መስተዋት

ባለፈው ቅዳሜ ጸጉሬን ቀለም ልቀባ ብዬ ስስ የጎማ ጓንት ሳጠልቅ፣ ያ ሽታው አፍንጫዬ ገባና የሺን አስታወሰኝ። ቀለሙ ሳህኑ ላይ እስኪደርቅ ድረስ መስተዋት ፊት ቆሜ ቀረሁ። አይ እኔ፣ በዚህ ዕድሜዬ!

ነገሩ በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ነው። ሁለታችንም ኦክላንድ እየኖርን ሳን ሆዜ እንሠራ ነበር፣ ዲቴክተር፣ ማለት ጥቃቅን የኤሌክትሪክ ቅንጣቶችን የሚይዝ መሣሪያ፣ በምትሠራ አንዲት ትንሽ ድርጅት ውስጥ። የዲቴክተሩ ልብ ማይክሮቻናል ፕሌት የሚሏት ስስ ክብ መስተዋት ናት። ከብስኩት አትበልጥም፤ ግን በዓይን የማይታዩ ሚሊዮን ቀዳዳዎች አሏት። አንዲት ኤሌክትሮን በአንዱ ቀዳዳ ከገባች ግድግዳውን እየመታች ትባዛለች፤ ብዙ ሆና ከታች ትዘንባለች። ኮምፒዩተሩ ደግሞ የት እንዳረፈችና መቼ እንደደረሰች በነጥብ ያሳያል። እንዲህ ያለ ነገር በሰው እጅ መሠራቱ ያኔም ይገርመኝ ነበር፣ አሁንም ይገርመኛል።

ሁለት መስተዋት ይደራረባሉ፤ ቀዳዳዎቹ ዘመም ያሉ ስለሆኑ የላይኛዋ ወደ አንድ ጎን፣ የታችኛዋ ወደ ሌላ ጎን ማጋደል አለባት። አቧራ፣ እርጥበትና የእጅ ወዝ ጠላታቸው ነው። የእኔ ሥራ የተገጠመውን አየር የሌለበት ዕቃ ውስጥ ከትቶ፣ ቮልቱን ቀስ በቀስ እየጨመሩ መፈተሽ ነበር። ምኞቴ ግን መግጠም ነው። ያን ዓመት ደግሞ ሳተላይት ላይ የሚወጣ አንድ ዲቴክተር ታዝዞ ነበርና፣ እሱን በእጄ ካልገጠምኩ ሞቼ እገኛለሁ ብያለሁ።

ለዚህ ስል ያልተውኩት ነገር የለም። ሽቶ ተውኩ፤ የእጅ ቅባት ተውኩ። አልፌ ተርፌ እንጀራ በሹካ መብላት ጀመርኩ፣ ወጡ ጥፍሬ ሥር እንዳይቀር! ዘመዶቼ «ፈረንጅ ሆናልናለች» እያሉ ሳቁብኝ።

የሺን እዚያ ያስገባኋት ራሴ ነኝ። የቤተ ክርስቲያን ጓደኛዬ ናት፤ ሥራ ስታጣ ለአለቃችን ለዴኒስ ነገርኩላት። ብዙም ሳትቆይ መግጠሚያው ክፍል ገባች፤ ሁላችንንም በለጠች። እጇ ንቅንቅ አይልም። ምሳ ሰዓት ምስር ወጧን በአምስት ጣቷ እየዛቀች፣ እየሳቀች ትበላለች፤ ከዚያ ታጥባ፣ ጓንቷን ደርባ ትገባለች። ዴኒስም የሳተላይቱን ለሷ ሰጣት።

አንጀቴ እርር ድብን አለ። ጠዋት ጠዋት ከየሺ ጋር በእኔ መኪና 880 አውራ ጎዳናን ይዘን ስንወርድ፣ የሁዳዴ ሰሞን ነበርና ኮረብታው አረንጓዴ ለብሶ፣ የመንገዱ ዳር የሰናፍጭ አበባ ብቻ ሆኖ ነበር። እሷ «አቤት ሲያምር! አየሽው?» ትላለች። እኔ የማየው ጭኗ ላይ ያረፉትን እጆቿን ነው።

ገጥማ የጨረሰች ዕለት ምሳ ላይ ልታጎርሰኝ እጇን ዘረጋች።

«በሞቴ!» አለችኝ።

«ጠግቤያለሁ» አልኳት። አልጠገብኩም ነበር።

ከምሳ በኋላ ቮልቱን ስጨምር ስክሪኑ ዳር አንድ ደማቅ ነጥብ ብልጭ አለ፤ አልጠፋም አለ። መስተዋቷ ላይ ቆሻሻ ሲያርፍ እንዲያ ነው የሚያደርገው። እሰይ! አለ ልቤ። ጣቷ ነው፣ ወጡ ነው!

የሺ ፊቷ አመድ መሰለ። «የእኔ እጅ ይሆናል» አለች ለዴኒስ።

«ምሳሽ ሁለት ጓንት አልፎ አይወጣም» አላት እየሳቀ። «ነገ እንክፈተውና እንየው።»

በማግስቱ ተከፍቶ ማይክሮስኮፕ ሥር ሲታይ አንዲት የአቧራ ብናኝ ናት። ወጥም የለ፣ የጣት አሻራም የለ። የሺ በደረቅ የናይትሮጅን ጋዝ ነፍታ አስወገደቻትና መስተዋቷን መልሳ ገጠመች። ቮልቱን ጨመርኩ፤ ስክሪኑ ጥርት አለ። ሁሉም አጨበጨበ፣ እኔም አጨበጨብኩ። ከዚያ መጸዳጃ ቤት ገብቼ፣ ያን ሁሉ ጊዜ በሹካ የበላሁትን እንጀራ እያሰብኩ አለቀስኩ።

በዓመቱ የሺ ነርሲንግ ልማር ብላ ለቀቀች፤ ቦታዋ ለእኔ ደረሰ። ጡረታ እስክወጣ ስንቱን ገጠምኩ! አንዱም ሰማይ አልወጣም፤ ሁሉም በየላቦራቶሪው ምድር ላይ ቀሩ። የሷ ግን ወጣች።

ዘንድሮ ለልጅ ልጇ ልደት ፕሌዘንተን ቤቷ ጠርታኝ ነበር። ኬክ ተቆርሶ ጎን ለጎን ስንቀመጥ አላስቻለኝም።

«የሺ፣ ያቺ ሳተላይት ላይ የወጣችው ትዝ ትልሻለች?»

«የቷ? ኦ… ያቺ አንቺ የገጠምሻት?»

«እኔ? አንቺ ነሽ እንጂ!»

«ተይ እንጂ! በቃ ፎርጌት አድርጌዋለሁ ማለት ነው። ለልጆቼ ሁሉ አንቺ ነሽ ብዬ ነው የነገርኳቸው» አለችና ከት ብላ ሳቀች፤ ኬክ ልትጨምርልኝም ተነሳች።

ቅናት ከዕድሜ ጋር ይበርዳል ይላሉ። ዋሽተዋል። ሰው እንዴት እንዲህ ያለውን ነገር ይረሳል? ያኔ የቀናሁት በእጇ ነበር፤ ዘንድሮ ደግሞ በመርሳቷ ቀናሁ።