ሳይደገም የቀረው ናሙና

የላቦራቶሪው ወጣቶች ባለሙያዋን ከኋላዋ «ይደገም» ይሏታል። ደም የበዛበትን፣ ሴሉ የሳሳውን፣ እርስ በርሱ የተደራረበውን ናሙና ሁሉ ቅጹ ላይ «ይደገም» ብላ ትመልሳለችና። «ዛሬስ ስንቱን አስደገምሽ?» እያሉ ያሾፉባታል። ፈገግ ትላለች እንጂ ታሪኩን አትነግራቸውም።

ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሥራዋ አንድ ነው፤ ከሴቶች የማህፀን በር ተወስዶ መስታወት ላይ የተቀባውን ናሙና በማይክሮስኮፕ ማየት። የደህናው ሴል አስኳል ትንሽ ነው፤ የታመመው ያብጣል፣ ይጠቁራል፣ ጠርዙ ይጨማደዳል። መጽሐፍ ላይ ቀላል ነው። መስታወቱ ላይ ግን ተራ ቁስለት ያስቆጣውም ይጠቁራል፣ እርጅና ያደረቀውም ይጨማደዳል። ጠዋት ክፉ ያለችውን ከምሳ በኋላ ደህና የምትልበት ቀን አለ።

በዚያ ክፍል የልብ ወዳጇ የጽዳት ሠራተኛዋ ነበረች። በዕድሜ ስለምትበልጣት «እትዬ» ትላታለች። እትዬ ጠዋት ጠዋት ጠረጴዛውን ወልውላ፣ ወንበሩን በልኳ ከፍ አድርጋ፣ «ነይ፣ የሰው ገመና ይጠብቅሻል» እያለች ትቀበላታለች። እሷኑ ለምርመራ ለማሳመን ግን ሁለት ዓመት ፈጀ። በመጨረሻ ተመረመረች፤ ከአልጋው ስትወርድ ፊቷ ተለዋውጦ፣ ሁለተኛ እዚህ ላይ ሬሳዬም አይወጣም ብላ ማለች።

ናሙናዋ ደም የዋጠው ነበር፤ የሚታየው ሴል በጣት የሚቆጠር። ደንቡ የታወቀ ነው፤ በቂ ስላልሆነ ይደገም ብሎ መመለስ። ባለሙያዋ መስታወቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሦስት ጊዜ አመላልሳ አየችው። ክፉ ነገር አላገኘችም። ድገሚ ብትላት እንደማትመለስ እርግጠኛ ነበረች። አዘነችላትና «ንጹህ» ብላ ጻፈች። እትዬ ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

በአራተኛው ዓመት ደም ይፈሳት ጀመር። ሐኪሙ ዕጢ አይቶ ማህፀኗ በቶሎ ይውጣ አለ። እሷ ያን ወረቀት አውጥታ፣ ንጹህ ነሽ ተብያለሁ፣ ያየችኝም እንደ አንተ የትናንት ልጅ አይደለችም ብላው ወጣች። ልጇ እያለቀሰች ወደ ባለሙያዋ መጣች። እናቷ ከእሷ በቀር የማንንም ቃል አትሰማም።

አሮጌው መስታወት ከመሳቢያ ወጣ። ጥግ ላይ፣ ከደሙ ሥር፣ አስኳላቸው የጠቆረ ሰባት ሴሎች ተቃቅፈው ተቀምጠዋል። የላቦራቶሪው ኃላፊ አጎንብሶ አየና፣ ይሄን እኔም አልፈው ነበር፣ አዲስ የመጣ በሽታ ነው በያት፣ መስታወቱንም መልሺው አላት።

እንደተመከረችው አለቻት። እትዬ ሳቀችባት። አዲስ ከሆነማ አይቸኩልም፣ የዛሬ ዓመት አንቺው ታዪኛለሽ አለቻት።

ባለሙያዋ ሌላ መንገድ አጣች።

«እትዬ፣ ያኔም ነበረ። ደም ሸፍኖት አላየሁትም። ይደገም ማለት ነበረብኝ፤ አትመለስም ብዬ ንጹህ አልኩ።»

እትዬ ወረቀቱን አውጥታ ዘረጋችው።

«ድገሚ ብትዪኝ እመጣ ነበር» አለች።

«ምለሽ ነበር እኮ።»

«ናሙናውን ለወሰዱት ነዋ የማልኩት። አንቺ ብትዪኝ እሰድብሽ ነበር፣ ግን እመጣ ነበር።»

በማግስቱ ሆስፒታል ገባች። ሆዷን ከፍተው አዩና መልሰው ሰፉት፤ በሽታው ከማህፀኗ አልፎ ሄዷል። ዓመት አልሞላችም። ባለሙያዋ ልትጠይቃት በሄደች ቁጥር ልጇ በሩን ገርበብ አድርጋ፣ ተኝታለች ትላት ነበር።

አሁን ወንበሯን ራሷ ታስተካክላለች። ይደገም ያለቻቸው ሴቶች ሁሉ አይመለሱም፤ መዝገቡን ስትገልጥ ከአሥሩ የአራቱ ቦታ ባዶ ነው። ከነዚያ ውስጥ ደህና የነበረችውን ከታመመችው አትለይም። ዛሬም ደም የዋጠው አንድ መስታወት ደርሷታል። የሴትዮዋ አድራሻ የአንድ ቀን መንገድ ነው። ሦስት ጊዜ አመላልሳ አየችው፤ ምንም የለም። ብዕሯን አንስታ «ይደገም» ብላ ጻፈች።