ከግራ የሚመጡ መኪናዎች

የሥራ ባልደረቦቹ ፍሬቻ ነበር የሚሉት። ሠላሳ አንድ ዓመት የጭነት መኪና ሲነዳ፣ ወፍ እንኳ ዝር በማይልበት መንገድ ላይ ፍሬቻ ሳያሳይ ታጥፎ አያውቅም። "ለማን ነው የምታሳየው?" ሲሉት፣ "ለራሴ፤ እንዳልረሳ" ይላል።

ጡረታ ሲወጣ መሪ የለመደ እጁ ማረፊያ አጣ። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ ከስፌት መኪናዋ ፊት ተገትሮ "ክሩ ላልቷል" እያለ ይመክራት ጀመር።

"አንተ ሰውዬ" አለችው በመጨረሻ፣ "እኔ በአንተ መኪና ገብቼብህ አውቃለሁ?"

የገላገላት ትልቁ ልጃቸው ነው። ሥራ አግኝቶ ወደ ሌላ ከተማ ሲሄድ፣ ጌም የሚጫወትበትን ኮምፒውተር ለአባቱ ተወለት። መሪና ፔዳል ገጠመለት፤ የጭነት መኪና የሚነዳበት ጨዋታም ጫነለት። ፍሬቻ መጀመሪያ ሳቀ። በሳምንቱ ግን ቁርሱን በልቶ፣ ጫማውን አስሮ፣ ወንበሩ ላይ መሰየም ጀመረ። ጠዋት ሲሚንቶ ጭኖ ይነሳል፤ ለምሳ አራግፎ ይመለሳል። ሚስቱ እዚያው ክፍል በመስኮቱ በኩል ትሰፋለች። የሁለቱ መኪናዎች ድምፅ ተቀላቅሎ ቤቱ ሰላም አገኘ።

ሁለት ዓመት እንዲህ ከቆየ በኋላ ጨዋታው ላይ ከሌሎች መኪናዎች ጋር መጋጨት ጀመረ።

"ይሄ ነገር መኪና ይደብቃል" አላት አንድ ቀን። "መስቀለኛው ላይ ማንም የለም። ልክ ስገባ ከግራ ዱብ ይላል።"

"ቀስ ብለህ ንዳ።"

"በሃያ ነው የምሄደው።"

ልጁ ጋ ደወለ። ልጁ ሥራ ላይ ስለነበር በጥድፊያ፣ "አባዬ፣ ግራፊክስ ካርዱ አርጅቶ ነው" አለው። "ምስሉን የሚሠራው እሱ ነው። ጨዋታው እየከበደ ሲሄድ ማድረስ ያቅተዋል። አዲስ እልክልሃለሁ።"

ነገሩ ለፍሬቻ ወዲያው ገባው፤ በደከመ ሞተር ላይ ከባድ ጭነት ማለት ነው።

ካርዱ በሦስተኛው ሳምንት መጣ። ሁለት ማራገቢያ ያለው፣ እንደ ጡብ የሚከብድ። ሠፈር ውስጥ ኮምፒውተር የምትጠግን፣ ብሎን በከንፈሯ ይዛ የምታወራ ሴት አለች፤ እቤት ድረስ መጣችላቸው። ሳጥኑን ከፍታ አሮጌውን ነቀለች፤ አቧራውን በብሩሽ ጠረገች። አዲሱን ልታስገባ ስትል ሁለት ጣት ያህል ተረፈ።

"ጋሼ፣ ካርዱ ከቤቱ ይረዝማል።"

"እንግዳ ጠራን እንጂ አልጋ አላዘጋጀንም" አለች ሚስት ከስፌቷ ቀና ሳትል።

ጠጋኟ የውስጡን መደርደሪያ ፈትታ ቦታ አበጀችለት። ቀጥሎ ደግሞ ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለው ክፍል አዲሱን ካርድ አልችልም አለ። ሱቋ ሄዳ ጠንከር ያለውን ይዛ ተመለሰች። ከሰዓት በኋላ ሁሉም ተገጥሞ ስክሪኑ በራ። አስፋልቱ ላይ የዝናቡ ውሃ ያብለጨልጫል፤ የዛፉ ቅጠል አንድ በአንድ ይታያል። ሚስት ቁርጥራጭ ጨርቅ እንደያዘች መጥታ ከኋላው ቆመች።

"መንገዱን ያጠቡት ይመስላል" አለች።

ፍሬቻ ተቀመጠ። እጁ ቀበቶ ሊስብ ወደ ትከሻው ሄዶ ባዶውን ተመለሰ። ነዳ። መስቀለኛው ጋ ሲደርስ ቀነሰ፣ አሳየ፣ ገባ። ነጭ መኪና ጎኑን መታው።

"አየሽልኝ?" አለ ወደ ጠጋኟ ዞሮ። "አሁንም ከየት እንደመጣ አይታወቅም።"

ሴትየዋ ብሎኑን ከከንፈሯ አወጣች። ነጩን መኪና ከሩቅ ጀምሮ ስታየው ነበር። ሚስትም አይታዋለች። ሁለቱ ተያዩ።

"እስቲ አንዴ ይድገሙት፣ ጋሼ።"

ደገመው። አሁን ቀይ መኪና በስክሪኑ ግራ በኩል እየቀረበ፣ እየቀረበ መጣ። ፍሬቻ ፊት ለፊቱን እያየ ተረጋግቶ ገባበት።

ጠጋኟ በግራው ቆማ እጇን በጆሮው ትይዩ ዘረጋች። "እጄን ያዩታል?"

"የቱን እጅሽን?"

ሚስት ወንበሯ ላይ ተመልሳ ተቀመጠች። ሰሞኑን ትከሻውን ከበሩ መቃን ጋር ሲያጋጭ፣ ብርጭቆ ሲደፋ፣ "እርጅና ሆይ" እያለች ስቃበት ነበር።

ሚስቱ ዓይን ሐኪም ዘንድ ወሰደችው። ሐኪሙ በብርሃን ሲመረምረው ቆየና፣ "ዓይንዎ ውስጥ ያለው ግፊት ነርቩን ጎድቶታል" አለ። "ሕመም ስለሌለው ሰው አይነቃበትም። የግራው አብዛኛው ሄዷል፤ የቀኙም ጀምሮታል። የቀረውን በጠብታ እንጠብቃለን።"

"የሄደውስ?"

"አይመለስም።"

"የሚቀየር ነገር የለውም?"

"የለውም፣ አባቴ።"

ሚስት የጠብታውን ሰዓት ስትጠይቅ እሱ ሌላ ነገር ያሰላ ነበር። "ይሄ ነገር ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"እዚህ ለመድረስ ስድስት ሰባት ዓመት ሳይፈጅ አይቀርም።"

ጡረታ ከወጣ ገና ሦስት ዓመቱ ነው።

ቤት ገብተው ከተቀመጡ በኋላ ነው የነገራት። ሥራ ሊለቅ አንድ ዓመት ሲቀረው መጋዘኑ በር ላይ ሲታጠፍ፣ በግራው በኩል አንድ ብስክሌተኛ ገጭቶ ነበር። የሰውየው እግር ተሰበረ። ፍሬቻ "ከየት መጣ ሳልል ዱብ አለብኝ" ብሎ ማለ። ጠንቃቃነቱን የሚያውቅ ሁሉ መሰከረለት፤ ጥፋቱ በብስክሌተኛው ላይ ተደፈደፈ።

"'ዓይን ለዓይን ተያይተናል እኮ' እያለ ይለምን ነበር" አላት። "ውሸታም ነው ያልኩት።"

"አላወቅህማ።"

"አላወቅሁም። እሱ ግን እውነቱን ነበር።"

በማግስቱ ብስክሌተኛውን ፍለጋ ክንዱን ይዛው የድሮ መሥሪያ ቤቱ ሄዱ። ድርጅቱ ተሸጧል፤ ዘበኛውም አዲስ ነው። መዝገብ ቤት ያለችው ሴት በደግነት ፈለገችላቸው። "ከሽያጩ በፊት የነበረው ፋይል ወደ እኛ አልመጣም" አለች። "ሰውየው ማን ይባላል?"

ፍሬቻ ስሙን አንድ ጊዜ ሲጠራ ሰምቶት ነበር፤ አልያዘውም።

ወደ መጋዘኑ ተሻገሩ። በሩ አጠገብ ጫማ የሚጠግነው ሽማግሌ አደጋውን ያስታውሳል። "ያ ብስክሌተኛ? ከዚያን ቀን ወዲህ በዚህ አላለፈም" አለ፣ ሶሉን ማጣበቁን ሳያቆም።

እዚያው ጥቂት ቆሙ። ብስክሌት ባለፈ ቁጥር ፍሬቻ አንገቱን ሙሉ ለሙሉ ያዞራል።

"ነገም እንምጣ?" አለችው ሚስቱ።

"መጥተን ማንን እንጠይቃለን?"

ከመጋዘኑ የሚወጣው መኪና እስኪያልፍ ጠበቁና ወደ ቤት መንገድ ጀመሩ።