ለተቀያሪያችን ያሳየነው ቦንጋ

እርጥብ ልብስ በከሰል ካውያ ሲተኮስ የሚወጣው ሽታ፣ ትንሽ ሻጋታ፣ ትንሽ ጭስ፣ ትንሽ ሳሙና የተቀላቀለበት ያ ሽታ፣ ዛሬም ድንገት ሲያጋጥመኝ ወደ ስምንት ዓመቴ ይመልሰኛል። ቦንጋ ላይ ልብስ አጥቦ ማስጣት ከሰማዩ ጋር እልህ መጋባት ስለነበር፣ እማዬ ጠዋት ጠዋት የትምህርት ቤት ልብሴን እንደረጠበ ከገመዱ አውርዳ፣ ካውያዋን በፍም ሞልታ፣ በእንፋሎቱ ውስጥ ፊቷን አጨማዳ እየተኮሰች ዝናቡን ትረግም ነበር። እኔ ልብሱን ትኩስ እንዳለ ለብሼ ስወጣ ደስ እንደሚለኝ ለማንም አልተናገርኩም፣ ምክንያቱም በእኛ ቤት ዝናብን መውደድ እንደ ክህደት ይቆጠር ነበር።

ወላጆቼ የደብረ ብርሃን ልጆች ናቸው። አባዬ የሒሳብ መምህር ሆኖ ቦንጋ ሲመደብ ለሁለት ዓመት ብቻ ነው ብሏት፣ እማዬም አምናው፣ እኔን በጀርባዋ አዝላ ተከትላው መጣች። ሁለቱ ዓመት ሰባት ሆኖ እንኳ እሷ ልብሷን ከሻንጣ አላወጣችም ነበር። አባዬ ቁም ሳጥን እንግዛ ሲላት «ስንሄድ ማን ይሸከመዋል?» ትለዋለች፤ ጎረቤታችን እትዬ አልማዝ የእንሰት ችግኝ ሲያመጡላትም፣ እንሰት እስኪደርስ ዓመታት እንደሚፈጅ ስለምታውቅ፣ አመስግና ተቀብላ አጥር ሥር ትጥለውና እዚያው ይበሰብሳል። በረንዳችን ላይ በስፌት መኪናዋ ለሰፈሩ ሁሉ ስትሰፋ ትውላለች፣ ከደንበኞቿ ጋር ትስቃለች፣ ግን ቦንጋ ለእሷ ቁጭ ብላ ተራዋን የምትጠብቅባት መናኸሪያ ነበረች። እኔ ደግሞ ሌላ አገር አላውቅም። ከእትዬ አልማዝ ልጆች ጋር በካፊኖኖ ስጣላ እውልና ወደ ቤት ስገባ በአማርኛ እታረቅ ነበር፣ ደብረ ብርሃን ማለት ለእኔ ጋቢ የተከናነቡ አክስቶች በስልክ የሚያለቅሱባት ብርዳም ከተማ ነበረች።

ክረምት በመጣ ቁጥር አባዬ የዝውውር ቅጽ ይሞላ ነበር፣ በየክረምቱም መልሱ አንድ ነበር፤ ተቀያሪ አምጣ ይሉታል። ከደብረ ብርሃን ተነስቶ ቦንጋ ልምጣ የሚል አስተማሪ እስኪገኝ ድረስ መሄድ የለም ማለት ነው። እኔም ማታ ስጸልይ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ እንዲህ ያለ አስተማሪ እንዳይፈጠር እለምን ነበር። አንድ መስከረም ግን ጉድ ፈላ። ደብረ ብርሃን የሚያስተምሩት የአባዬ የኮሌጅ ጓደኛ ጋሽ መኮንን ደወሉ፤ የባለቤታቸውን ደረት ብርዱ ክፉኛ ስለጎዳው ሐኪሙ ከቻላችሁ ሞቅ ወዳለ አገር ውጡ ብሏቸው ነበር። ለመቀያየር ፈቃደኛ መሆናቸውን ተናግረው፣ ከመፈረማቸው በፊት ግን አገሩን መጥተው በዓይናቸው ማየት እንደሚፈልጉ ነገሩት።

እማዬ ያን ቀን ያፏጨችው ፉጨት እስካሁን ይሰማኛል። ጭቃው የሚደርቀው ጥር ላይ ነውና ጥር ላይ ይምጡ ተብሎ ተወሰነ፣ ግድግዳው ኖራ ተቀባ፣ ለእኔም መመሪያ ወጣ፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ሻጋታው፣ መብራት ስለሚጠፋበት ቀን ትንፍሽ እንዳልል ጆሮዬን ይዛ አስጠነቀቀችኝ። እሺ አልኳት። በልቤ ግን ሰውዬውን ከቦንጋ እንዴት እንደማባርራቸው እያሰብኩ ነበር።

ጥር ላይ ጋሽ መኮንን መጡ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ካፖርታቸውን በክንዳቸው አንጠልጥለው ከአውቶቡስ የወረዱ፣ ለሁሉም ነገር «እንዴ፣ እንዴ» የሚሉ ሰው ነበሩ። በማግስቱ እማዬ ገበያ ይዛቸው ወጣች፣ እኔም ተከተልኩ። ያን ቀን እናቴን አላወቅኋትም። ሰባት ዓመት ያማችውን ከተማ፣ ዓይኗን በጨው አጥባ፣ እንዲህ ያለ ማር የት ይገኛል፣ ኮረሪማውን ያሽትቱት፣ ሙዙን ይቅመሱት፣ ሰዉ ትሑት ነው፣ አየሩ ጤና ነው እያለች ስታሞግስ፣ ማር ሻጯ በስሟ ጠርታ ሳመቻት፣ ቆጮ የምትሸጠውን ደግሞ እማዬ ስለ ልጇ ጠይቃት፣ ሁለቱም ቆመው ረጅም ጊዜ አወሩ። እኔ ከኋላ ሆኜ አፌን ከፍቼ አያታለሁ። ውሸቷን ነው እያልኩ ስናደድ፣ ፊቷ ግን የሚዋሽ ሰው ፊት አልነበረም።

ቅዳሜ ከከተማው ወጣ ብላ ወዳለችው ማንኪራ ሄድን። ጫካ ውስጥ ሳይተከል የበቀለውን ቡና ሳያሳዩ ቦንጋን አሳየን ማለት ነውር ነው ብሎ አባዬ ነው ያሰበው። በመንገድ ላይ ጋሽ መኮንን «እናንተ ስንት ጊዜ መጥታችኋል?» ብለው ሲጠይቁ፣ አባዬ ጉሮሮውን ጠርጎ «ኧረ ብዙ ጊዜ» አለ፣ እማዬም ወዲያ ዞረች። በሰባት ዓመት አንድ ቀን እግራቸውን አንስተው አያውቁም ነበር! እኔ ግን ከእትዬ አልማዝ ጋር ዘመዶቻቸው ዘንድ ስመላለስ መንገዱን አውቀዋለሁ፣ ስለዚህ መሪ ሆንኩ። ሁለት መንገድ ነበር፤ አንዱ ደረቅ፣ አንዱ ጉንዳን የሚያቋርጠው። በየትኛው እንደወሰድኳቸው መናገር አያስፈልገኝም።

ጋሽ መኮንን ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ሰብስበው እየዘለሉ፣ አባዬ በባርኔጣው እያራገፈላቸው፣ ጉሬዛዎቹ ከላይ እያዩን፣ አሁንስ ቁርጡን አወቁ ብዬ ደስ ብሎኝ ቆምኩ። ሰውዬው ግን ሲጨርሱ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ፤ በሸሚዝ ብቻ ሆነው ጥር ላይ ጫካ ውስጥ መቆማቸው ራሱ ተአምር እንደሆነባቸው ነገሩን። ቅስሜ ተሰበረ። ይባስ ብሎ ሰማዩ በጥር ወር አጉረመረመና ዝናቡ ወረደብን፣ ሮጠን ከመንገዱ ዳር ካለ ቤት ገባን።

የቤቱ ባለቤት በዕድሜ የገፉ ሴት ነበሩ። እንደገባን እማዬን ትኩር ብለው አዩና፣ በዚያ በሰፈራችን አማርኛ፣ «አንቺ አውቃለሁ። የልጄ የሰርግ ቀሚስ አንቺ ሰፋሽ» አሏት። ሌላ ሰፊ ያበላሸውን ቀሚስ እማዬ ፈትታ እንደገና ሰፍታው ኖሯል፣ እሷ ረስታዋለች፣ ሴትዮዋ ግን አልረሱም። ማርና ቆጮ ቀርቦልን፣ ሁሉም ደስ ብሎት ተቀምጦ ሳለ፣ ጋሽ መኮንን በደጃፉ እያዩ ይህ ዝናብ በጥር ያልተለመደ መሆን አለበት አሉ። እኔ ከዚያ በላይ አልቻልኩም።

«ጋሼ፣ እዚህ ዘጠኝ ወር ይዘንባል። ልብስ አይደርቅም። ጫማም ይሻግታል።»

እማዬ ከሥር ጭኔን ቆነጠጠችኝ። ጋሽ መኮንን ማሩን አስቀምጠው ወደ እሷ ዞሩ። ባለቤታቸው ዝናቡን ይችሉት እንደሆነ እውነቱን እንድትነግራቸው ለመኗት።

ትክዳለች ብዬ ጠብቄ ነበር። እሷ ግን ዝናቡን ትንሽ አየችው፣ ከዚያ ልጅቷ እውነቷን ነው አለችና ትነግራቸው ጀመር። ቤት ሲከራዩ ከታች ረግረጉ ጋ ሳይሆን ከላይ፣ ነፋስ ከሚያገኘው ሰፈር እንዲሆን፣ ፍራሹ ከግድግዳ ፈቀቅ እንዲል፣ ብርድ ልብሱ በየትኛው ወር በስንት ሰዓት ፀሐይ እንደሚያገኝ፣ ደረት ለሚያመው ሰው የትኛውን ማር ከማን እንደሚገዙ፣ ብቻቸውን የሚሆኑ እንዳይመስላቸው፣ እትዬ አልማዝ እኔ ስታመም ስንት ቀን አልጋዬ አጠገብ እንደተቀመጡ፣ ዝናቡ እስኪያባራ ድረስ አወራች። አባዬ አዲስ ሰው እንዳየ ሁሉ አፍጥጦ ያያት ነበር። ስትጨርስ ጋሽ መኮንን ቀስ ብለው፣ «ወይንሸት፣ የሚሄድ ሰው እኮ እንዲህ አያወራም» አሏት።

በማግስቱ ረፋዱ ላይ ሁለቱ አስተማሪዎች ቅጹን ይዘው ተቀመጡ። አባዬ ስሙን ጻፈ፣ የመታወቂያ ቁጥሩን ጻፈ፣ የዝውውር ምክንያት የሚለው ላይ ሲደርስ በየዓመቱ እንደሚያደርገው «ከቤተሰብ ጋር ለመቀላቀል» ብሎ ሊጀምር ሲል እማዬ ከስፌት መኪናዋ ቀና አለች።

«ተወው። እኔ አልሄድም» አለችው።

አባዬ የቀለደች መስሎት ሳቀ፣ ፊቷን ሲያይ ግን ብዕሩን አስቀመጠ። ደብረ ብርሃን ብትሄድ የእናቷ ልጅ መሆኗን እንጂ እሷን የሚያውቅ ሰው እንደሌለ፣ ሰባት ዓመት ሙሉ ስሄድ ስሄድ ስትል መኖሯን አሁን እንዳየችው፣ እንባዋ እየመጣ ነገረችው። እኔ በደስታ ልዘል ስል ዓይኔ ጋሽ መኮንን ላይ አረፈ፤ ቅጹን አጥፈው ኪሳቸው ከተው መሬት መሬት ያዩ ነበር። ያኔ አፈርኩ። እኔ ለምወዳት ከተማ ስል አንዲት የማላውቃት ሴት በብርድ እንድትቀር እጸልይ እንደነበር ያን ጊዜ ነው የገባኝ።

እማዬ ግን እንባዋን ጠርጋ አባዬን ሌላ ተቀያሪ ፈልግላቸው ብላ አዘዘችው። በትምህርት ቤታቸው ከደብረ ብርሃን ብዙም የማትርቀው የደብረ ሲና ልጅ የሆነ፣ አገሬ አገሬ እያለ ሰው የሚያሰለች ወጣት የሒሳብ መምህር ነበር፤ አባዬ ጫማውን በቅጡ ሳያስር ሮጦ ሄደ፣ ልጁም ነገሩን ሰምቶ ሳይጨርስ እፈርማለሁ አለ ይባላል። ነሐሴ ላይ፣ ዶፉ በሚወርድበት ቀን፣ ጋሽ መኮንን ባለቤታቸውን ይዘው መጡ፣ እማዬም ሰፈሩን እየዞረች ራሷ የመረጠችላቸው ቤት ገቡ። የባለቤታቸው ደረት ቀስ በቀስ ተሻለ፣ ኋላም ሴትዮዋ የእማዬ የልብ ጓደኛ ሆኑ። በዚያው ሰሞን ቁም ሳጥናችን ተገዛ።

አሁን ቦንጋ ሌላ ናት። ፎቅ በዝቷል፣ እንግዳም ጫካውንና ፏፏቴውን ለማየት ከሩቅ ይመጣል፣ እኔም ራሴ እዚሁ አስተማሪ ሆኜ አዲስ የሚመደቡ ወጣቶች ሻንጣቸውን ሳይፈቱ ሲኖሩ አያለሁ፣ አልፈርድባቸውም። ያኔ አባዬ በሚሞላው ወረቀት ሁሉ ላይ ቋሚ አድራሻ ለሚለው ደብረ ብርሃን፣ ጊዜያዊ ለሚለው ቦንጋ ብሎ ይጽፍ ነበር፣ እኔም ጊዜያዊ የሚለው ቃል ያስፈራኝ ነበር። ባለፈው ዓመት እማዬን ለአዲሱ መታወቂያ ላስመዘግባት ወሰድኳት። መዝጋቢው ልጅ ቋሚ አድራሻዋን ሲጠይቃት ጥያቄውን ሳይጨርስ ቦንጋ አለችው። ጽፎ፣ ጊዜያዊ አድራሻዋንም ጠየቃት።

«ጊዜያዊ የለኝም፣ ልጄ» አለችው።