ማን ቀድሞ ይጮሃል?

የፍራሽ ፋብሪካው ሠራተኞች «ዶክተር» ይሏታል። ካቻቢቴና ኬብል የሞላበት ቦርሳዋን አንጠልጥላ ለታመመ ኮምፒውተር ሁሉ የምትሮጠው እሷው ናትና። ሰባት ዓመት ሙሉ «ማሽኖቹ አርጅተዋል» ብላ ስትወተውት የሰማት አልነበረም። አንድ ሰኞ ግን ሥራ አስኪያጁ ጠርተው ሁለት ወረቀት ዘረጉላት፤ አንዱ «ሁሉም ይቀየር»፣ ሌላው «ዋናው ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩ ብቻ» የሚል።

«እስከ ዓርብ ቁርጡን ንገሪኝ። ከተሳሳትሽ ግን ሁለተኛ እንዳትመጪብኝ!»

ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ወረደች። «ሁሉም!» ልትል ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ከተሳሳተችስ? «የማን ይቀየር?» ብትል ደግሞ ሁሉም «የኔ!» ማለቱ አይቀርም። ስለዚህ አንድ ዘዴ መጣላት፦ ሥራ አስኪያጁን አስፈቅዳ ማሽኖቹን ተራ በተራ ማጥፋት፣ ከዚያ ማን ቀድሞ እንደሚጮህ መስማት።

ረቡዕ ጠዋት በራሷ ኮምፒውተር ጀመረች። ዝም። የአስተዳደር ክፍሉን አጠፋች፤ «ተመስገን፣ አረፍን!» ተባለ። ያን ሁሉ የተወራለትን ሰርቨር አጠፋች፤ ሃያ ደቂቃ ማንም ትንፍሽ አላለም! ግራ ገብቷት ሽያጭ ክፍል ብቅ ብትል፣ ሻጯ ስልኩን በትከሻዋ ደግፋ፣ «እኛ ምን ቸገረን? ጋሼን እየጠየቅን እንሸጣለን» አለቻት።

ጋሼ የመጋዘኑ ኃላፊ ናቸው። ኮምፒውተራቸው በአንዱ ወረቀት «ይጣል» የተባለ፣ በሌላው ከነጭራሹ የተረሳ አሮጌ ነው።

«ጋሼ፣ ለአንድ አፍታ ላጥፋው?»

«ተይ ልጄ! እሱም እንደኔው ነው፤ አንዴ ከተኛ መነሳት ይቸግረዋል።»

አጠፋችው። አራት ደቂቃ አልሞላም፣ ስልኩ ጮኸ። በሩ ላይ የጭነት መኪናው ጥሩምባ ተከተለ። ፎርማኑ እያለከለከ ደረሰ፦ «ባለ ሜትር ሃያው ፍራሽ ስንት ቀረ? መቁረጫው ቆሟል እኮ!»

ዶክተር አጨበጨበች። «አገኘሁት! የፋብሪካው ልብ እዚህ ነው!»

«ይቺ ልጅ ለየላት» አለ ፎርማኑ።

ማሽኑ ግን እንቢ አለ። አንዴ ነካችው፣ ዝም፤ ደገመችው፣ ዝም። «ተነስ አንተ ሽማግሌ!» ብለው ጋሼ በመዳፋቸው መታ ቢያደርጉት እያቃሰተ ተነሳ።

ዓርብን ማን ይጠብቃል! በዚያው ቀን ሦስተኛ ወረቀት ይዛ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ገባች፦ እስከ መጋዘኑ አዲስ የኔትወርክ መስመር ይዘርጋ፤ በጋሼ ማሽን ያለው የዕቃ ዝርዝር አዲስ ሰርቨር ላይ ገብቶ ለሽያጭም ለማምረቻም ይታይ፤ የቢሮዎቹ ኮምፒውተሮች ይቆዩ።

«ያንቺስ? እሱም እኮ አሮጌ ነው» አሏት ሥራ አስኪያጁ።

«የኔ ሲጠፋ ማንም አልጮኸም።»

ሳቁ፤ ፈረሙም። በአንድ ትንፋሽ መጋዘን ደረሰች። «ጋሼ፣ ተፈቀደ! ዝርዝሩን አብረን ነው የምናስገባው፤ ያለ እርስዎ አይሆንም!»

ጋሼ ወንበር ሳቡላት። «ይሁን ልጄ፣ እሰየው! እስኪ መጀመሪያ ግን ይሄን የሚጮኽ ስልክ አንሺልኝ።»