ያልደረሰ ውሃ

የሰፈራችን ሱቲክኖ ውሸት የሚያውቅበት ሰው አልነበረም። ሥራው ፍሪጅ ጥገና ነው፤ ያውም በሱራባያ፣ ሙቀቱ ሰውን በቁሙ በሚቀቅልበት ከተማ። ቢፈልግ ደንበኞቹን እንዳሻው ማጭበርበር ይችል ነበር፤ የፍሪጅ ሆድ ዕቃ ማን ያውቃል? እሱ ግን የተበጠሰ ሽቦ ካገኘ «ሽቦ ነው» ይላል፣ ይቀጥላል፣ ይሄዳል። ሚስቱ ሙርቲኒ በዚህ ትበሳጭበታለች። አብረዋቸው የሚኖሩት እናቷ እማማ ሩካያ ደግሞ በዚሁ ይኮሩበታል። «የልጄ ባል ሆዱና አፉ አንድ ነው» ይሉ ነበር ለጎረቤቱ ሁሉ። ይህች ቃል በኋላ እንቅልፍ ነሳችው።

የዓሣው ነገር የጀመረው አንድ ሀብታም ቤት ማቀዝቀዣ ሊጠግን በገባበት ቀን ነው። ሳሎኑ ውስጥ ግድግዳ የሚያህል የመስታወት ገንዳ ቆሟል፤ በውስጡ ባሕር አለ። ኮራሉ ይከፈታል ይከደናል፣ ዓሣዎቹ በመሃሉ ሽር ይላሉ። ሱቲክኖ መፍቻውን እንደያዘ አፉን ከፍቶ ቀረ፤ የቤቱ ባለቤት ደጋግሞ ቢጠራው አልሰማም። ከዚያ ወዲህ ሰውየው ሌላ ሰው ሆነ። አሮጌ ገንዳ ከቁራሌው አገኘ፣ የተጣለ የውሃ ማቀዝቀዣና የአየር ፓምፕ በእጁ ጠግኖ አስነሳ፣ ሁሉንም ሳሎን ውስጥ ከሶፋው ፊት ለፊት ተከለው።

«ለሰው መቀመጫ የለን፣ ለዓሣ ቪላ ይሠራል» አለች ሙርቲኒ። አፏ እንዲያ ይበል እንጂ ወሬውን ለሰፈሩ ሴቶች ሁሉ ያዳረሰችው እሷው ናት።

ጨውና ድንጋይ የሚሸጥለት ኮ ሆክ፣ ማለትም ጋሽ ሆክ፣ የሚባል ሽማግሌ ነበር። የዓሣ ሱቁ ከገበያው ጀርባ ነው፤ ጠባዩም እንደ ሱቁ ጠባብ።

«ኮ፣ ዓሣውን ዛሬ ትሸጥልኛለህ?» አለው ሱቲክኖ በመጀመሪያው ቀን።

«ዛሬ ጨው ነው የምሸጥልህ። በጣም ከቸኮልክ ከረሜላም አለኝ።»

የኮ ሆክ ሕግ የታወቀ ነው። ዓሣ የፈለገ ሰው ከገንዳው ውሃ በጠርሙስ ይዞ ይመጣል፤ ሽማግሌው ቀለም የሚለውጠውን መመርመሪያ ጠብ ያደርግበታል፤ ውሃው ካልደረሰ ገዢው ሚኒስትርም ቢሆን ባዶ እጁን ይመለሳል። አዲስ ውሃ ዓሣ አያኖርም። ዓሣ ከራሱ በሚወጣው ቆሻሻ አሞኒያ ይፈጥራል፣ አሞኒያው መልሶ እሱኑ ያቃጥለዋል። ይህን መርዝ የሚበሉት ዓይን የማያያቸው ባክቴሪያዎች ድንጋዩ ላይ እስኪበዙ መጠበቅ ግድ ነው። እማማ ሩካያ ቴምፔ ሲሠሩ አኩሪ አተሩን በቅጠል ጠቅልለው ሻጋታው እስኪይዝላቸው እንደሚጠብቁት መሆኑ ነው። ከባሕር የመጣ ድንጋይ ደግሞ ባክቴሪያውን በላዩ ይዞ ስለሚመጣ ጥበቃውን ያሳጥራል።

ድንጋዩ መጣ። ቤቱን በግማት ሞላው። ሙርቲኒ አፍንጫዋን ይዛ ወጣች። ሱቲክኖ ዕድሜውን ሙሉ የሸተተ ፍሪጅ ሲያጥብ የኖረ ሰው ነው፤ የሸተተ ነገር አይቶ እጁን አጣጥፎ መቀመጥ አልተፈጠረበትም። ድንጋዮቹን ግቢ አውጥቶ በቧንቧ ውሃ ፈተጋቸው። በብሩሽ፣ ስንጥቅ ለስንጥቅ፣ እስኪነጡ። ፍሪጅ ቢሆኑ ኖሮ ጎበዝ ያሰኘው ነበር።

ከዚያ ወደ ኮ ሆክ ሄዶ «ድንጋዩ ሲሸት ምን ይደረጋል?» ብሎ ጠየቀ።

«ይሸታል። ሸተተ ብለህ የቧንቧ ውሃ እንዳታስነካው ብቻ! ክሎሪን አለበት፣ ያለውን ነፍስ ሁሉ ይጨርስልሃል። ደግሞስ ማን እንዲህ ያደርጋል?»

«ማንም» አለ ሱቲክኖ። የመጀመሪያዋ ውሸት ይህች ነበረች።

እንግዲህ የታጠበው ድንጋይ ድንጋይ ብቻ ነው፤ ጥበቃው ከዜሮ ይጀምራል። ሱቲክኖ ሽሪምፕ ገዝቶ ገንዳው ውስጥ እንዲበሰብስ ጣለ። መበስበሱ አሞኒያውን ይሰጣል፣ ባክቴሪያውም እሱን እየበላ ይበዛል ተብሏል። በየጊዜው ውሃ በብልቃጥ ቀድቶ መመርመሪያውን ጠብ ሲያደርግበት ድፍን አረንጓዴ ይሆናል፤ መርዝ ነው ማለት ነው። የደረሰ ውሃ ቢጫ መሆን ነበረበት። ሰውየው በአረንጓዴ ተከበበ።

በዚህ መሃል የሙርቲኒ የሴቶች ዕቁብ እሷ ቤት የሚሆንበት ቀን ደረሰ።

«ዓሣው የታለ?» አለችው።

«ውሃው አልደረሰም።»

«ውሃ ደግሞ ምን ሆኖ ነው የሚደርሰው፣ ማንጎ ነው? ሴቶቹ ባዶ ገንዳ ተደርድረው ሊያዩልኝ ነው? ‹ባሏ ሳሎን ውስጥ ውሃ ያጠራቅማል› ሊሉኝ?»

«ትንሽ ብቻ ታገሺኝ።»

«ድንጋዩን ካመጣህ ስንት ጊዜ ሆነህ! የዚያ ሽማግሌ ድንጋይ የማይረባ ነው ማለት ነዋ?»

ድንጋዩን የገደልኩት እኔ ነኝ ማለት ይችል ነበር። ትስቅበት ነበር፣ ለሴቶቹ ትነግርበት ነበር፣ ያልፍ ነበር። እሱ ግን አፈረ። ባልዲ ውስጥ አዲስ የጨው ውሃ በጠበጠና ገንዳውን ነክቶ የማያውቀውን፣ አሞኒያ የሌለበትን ያን ውሃ በጠርሙስ ሞልቶ፣ ዓይኑን በጨው ታጥቦ ኮ ሆክ ፊት ቆመ።

ሽማግሌው ጠብ አደረገ። ቢጫ። ጠርሙሱን ወደ ብርሃኑ አንስቶ ብዙ አየው።

«ውሃ ሲደርስ የሚመጣው ቡናማ ዝቃጭ ድንጋዩ ላይ ወጥቶ ነበር?»

«ወጥቶ ነበር፣ ኮ።»

«ካንተ አፍ ባይሆን አላምንም ነበር» አለና ሁለት ዓሣ በላስቲክ አድርጎ ሰጠው። ብርቱካናማ ሆነው ነጭ ቀለበት ያላቸው፣ ሱቁ ውስጥ ከጫጩትነታቸው ያሳደጋቸው ጥንዶች ነበሩ።

በዕቁቡ ቀን ቤቱ ደመቀ። ሴቶቹ ሩዛቸውን እንደያዙ ገንዳውን ከበቡት። እማማ ሩካያ ከሶፋቸው ሳይነሱ እንደ ድግስ አሳላፊ ይናገራሉ፦ «ትልቋ ሴቷ ናት። ባልየው ሲፈራት እዩት፣ እንደኛ ቤት።» ሙርቲኒ ሳቀች። ሱቲክኖም ሳቀ፤ ሆዱ ግን አልሳቀም። ትንሹ ዓሣ አፉን ከወትሮው አብዝቶ ሲከፍት አይቷል።

ያን ሌሊት ባለው ጨው ሁሉ ውሃ እየበጠበጠ ቢቀይርም አልሆነም፤ ከገንዳው ማውጣትና ወደ ኮ ሆክ መመለስ ደግሞ ውሸቱን አብሮ ተሸክሞ መሄድ ነው። አልሄደም። በማግስቱ ጠዋት ሁለቱም ከገንዳው ጥግ ጎን ለጎን ተንሳፈው ተገኙ።

ሙርቲኒ መጥታ አየቻቸው። ከዚያ ዓይኗ ሶፋው ሥር ያለው የአመድ ሰሃን ላይ አረፈ። እማማ ሩካያ የትንኝ ማባረሪያ፣ ያንን ጥምዝምዝ አረንጓዴውን፣ ከእግራቸው ሥር ሳያጨሱ አይቀመጡም። ሱቲክኖ ገንዳውን የተከለ ጊዜ «እማማ፣ ጭሱን ከፓምፑ ራቅ ያድርጉልኝ፣ አየር ይስባል» ብሏቸው ነበር። ለጥንቃቄ ያህል።

«እማዬ፣ ያ ጭስሽ!» አለች ሙርቲኒ። «ነግሮሽ ነበር እኮ!»

እማማ ሩካያ ገንዳውን አዩ፣ ሰሃኑን አዩ፣ አማቻቸውን አዩ። «እኔ ነኝ? ልጄ፣ እኔ ነኝ የጨረስኳቸው?»

ሱቲክኖ ዓሣዎቹን በመረብ እያወጣ ነበር። «እንግዲህ... ዓሣ ነው፣ እማማ። ይሞታል» አለ። አዎ አላለም። አይደለም ደግሞ አላለም። ሰው አፉን በመዝጋት ብቻ ምን ያህል መዋሸት እንደሚችል ያን ጠዋት አወቀ።

አሮጊቷ ተነሥተው የጭሱን ፓኬት ከነካርቶኑ ቆሻሻ ውስጥ ጣሉት።

ዝናቡ ወቅቱን ጠብቆ መጣ፤ ቦዩ ሞላ፤ ትንኙ ፈላ። እማማ ሩካያ ከሰዓት በኋላ እንደ ልማዳቸው ሶፋው ላይ ሸለብ ያደርጋቸዋል፤ አሁን ግን ያለ ጭስ። እግራቸው ነጠብጣብ በነጠብጣብ ሆነ። ሱቲክኖ ጭሱን ገዝቶ መመለስ አልቻለም፤ ከመለሰ ምክንያቱን መናገር ሊኖርበት ነው። ስለዚህ በዙሪያው ይሽከረከር ጀመር። ማራገቢያ ገዛላቸው፤ «ንፋስ ይገባኛል» ብለው አጠፉት። የሚቀባ ነገር አመጣላቸው፤ ሽታው ለስግደት አይሆንም አሉ።

«አየሽ ባልሽን?» አሉ ለሙርቲኒ። «ዓሣውን ጨርሼበት እንኳ ለእግሬ ይጨነቃል። እንዲህ ያለ ሰው ከየት ይገኛል?»

ሱቲክኖ ይህን ሲሰማ ወደ ግቢ ወጣ፤ ደህና የሆነ ፍሪጅ ፈታቶ ገጠመ።

ገንዳው በበኩሉ ሥራውን ቀጠለ። በዚያ መሃል ድንጋዩ ላይ ቡናማ ዝቃጭ ወጣ። መመርመሪያው ከድፍን አረንጓዴ ወደ ፈዘዝ ያለ፣ ከፈዛዛው ወደ ቢጫ ዞረ። ውሃው ደረሰ። ሱቲክኖ ቢጫዋን ብልቃጥ ይዞ በመስኮቱ ብርሃን ሲያያት ደስታ አልተሰማውም። ትንሽ ቢታገስ ኖሮ ጥንዶቹ ዛሬ በሕይወት ይዋኙ ነበር፤ እማማም ጭሳቸውን አጭሰው ይተኙ ነበር። ብልቃጡን ደፋው። ኮ ሆክ መንገድ ላይ አግኝቶት «ጥንዶቹ እንዴት ናቸው?» ሲለው «ደህና ናቸው» አለ። ውሸት ድሮ የማያውቅበት ሰው፣ አሁን እንደ ሰላምታ ይመልሰው ጀመር።

ከዚያ እማማ ሩካያ አተኮሳቸው። መጀመሪያ ንፋስ ነው ተብሎ፣ እንደ ልማዱ ንፋሱ እንዲወጣ ጀርባቸውን በሳንቲም ተፋቁ። ትኩሳቱ በረድ ሲል ሁሉም ደስ አለው፤ ያ በሽታ ደግሞ የሚያዘናጋው እንዲህ አድርጎ ነው። ድዳቸው ሲደማ ሐኪም ቤት ወሰዷቸው። ደንጊ የሚባለው ትኩሳት ነው ተባለ፤ ደማቸው እየሳሳ ነው ተባለ።

ሱቲክኖ ነርሷን ለብቻዋ ያዛት። «ከትንኝ ነው?»

«ከትንኝ ነው። ግን ከየት እንደተነከሱ ማን ያውቃል? ይህችኛዋ ትንኝ ደግሞ የምትነክሰው በቀን ነው።»

ነርሷ ልታጽናናው ነበር። ሱቲክኖ ለቅጽበት በዚህች ቃል ሊንጠላጠል ፈለገ። ግን ሶፋው፣ ከሰዓት በኋላው፣ እግራቸው ሥር ይጨስ የነበረው ጭስ፣ እሱስ መች የሌሊት ነበር?

እማማ ሩካያ በደከሙበት በዚያ ሳምንት አንድ ረፋድ ላይ እጁን ያዙት።

«ልጄ፣ ያ የዓሣው ነገር... በልብህ ይዘህብኝ እንዳይሆን። እያወቅሁ አይደለም። ይቅር በለኝ።»

አሁን ነበር። ከዚህ በላይ ሰዓት አይሰጥም። ቃሉ ጉሮሮው ድረስ መጣ፦ እኔ ነኝ፣ ድንጋዩን ያጠብኩት እኔ ነኝ፣ ውሃው መርዝ እንደነበር እያወቅሁ የጨመርኳቸው እኔ ነኝ። አሁን ብነግራቸው ይደነግጣሉ ብሎ ለራሱ ነገረ። ውሸቱን ነው። ፈርቶ ነው። ከአጠገቡ የሙርቲኒን ትንፋሽ ሰምቶ ነው የፈራው።

«ይቅር ብያለሁ፣ እማማ» አለ።

አሮጊቷ ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ፊታቸው ላይ ሰላም ወረደ። ኮሪደሩ ላይ ሙርቲኒ ክንዱን ይዛ «አመሰግናለሁ። አሳረፍክልኝ» አለችው። እማማ ሩካያ በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ አረፉ።

እኛ ሰፈር አስከሬን ከግቢ ሳይወጣ ሽማግሌ ይቆምና ሕዝቡን ይጠይቃል። ሁሌም የሚባለው ያው ነው፣ መልሱም ያው። ያን ዕለትም ቃሬዛው በአረንጓዴ ጨርቅ ተሸፍኖ መሃል ግቢ ተቀምጧል፤ ወንዶቹ ከበውታል፣ ሴቶቹ በረንዳው ላይ ናቸው። የሰፈሩ ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እኚህ እናታችን በሕይወት ሳሉ ያስቀየሙት፣ የበደሉት ሰው ካለ ይቅር ይበላቸው። ይቅር ብላችኋል?»

«ብለናል!» አለ ሕዝቡ በአንድ ድምፅ።

ሱቲክኖ ከቃሬዛው እጀታ አንዱን ሊያነሳ ጎንበስ ብሎ ነበር። ቀና አለ።

«እኔ አላልኩም» አለ።

ሽማግሌው ያልሰማ መሰለው። «ምን አልክ፣ ልጄ?»

«ይቅር የምላቸው ነገር የለም። ዓሣዎቹን የገደሏቸው እሳቸው አይደሉም። ጭሱም አይደለም። ውሃው መርዝ ነበር፣ እያወቅሁ ነው የጨመርኳቸው። ጥፋቱን ሲወስዱት ዝም አልኩ። ጭሱን የተዉት ለኔ ብለው ነው። ያለ ጭስ ተቀምጠው ትንኝ ሲበላቸው እያየሁ ዝም አልኩ።» ወደ ሽማግሌው ዞረ። «እኔን ነው ይቅር ማለት ያለባቸው። እሳቸው ደግሞ...» ቃሬዛውን አየ።

ለዚህ የተዘጋጀ መልስ የለንም። ሽማግሌው «ሰምተናል» አለና በእጁ ምልክት ሰጠ፤ ወንዶቹ ቃሬዛውን አነሱ። ሱቲክኖ ሊያነሳው የነበረውን እጀታ አንድ ሰው ቀድሞት ያዘ።

ሙርቲኒ ከበረንዳው ወርዳ አጠገቡ ደርሳለች። ከዚያ በፊት አይታው እንደማታውቅ ሆና ፊቱን አየችው።

«አጠገብህ ቆሜ ነበር» አለች። «እማዬ ‹ይቅር በለኝ› ስትልህ አጠገብህ ቆሜ ነበር። ብያለሁ አልካት። እኔ ደግሞ አመሰገንኩህ።»